መዝሙሩን ይዞ ኪንግስተን የሄደው ፈረንሳዊ

በቶንጎ የገበያ ቀን ከሁሉ ቀድሞ ጆሮ የሚገባው ከስልክ ጠጋኙ ሱቅ የሚወጣው ድምፅ ነው። ሱቋ በቆርቆሮ የተመታች ጠባብ ክፍል ናት። ጣሪያዋ ላይ ሶላር፣ በሯ ላይ ደግሞ ባለቤቱ ከተበላሹ ስፒከሮች ገጣጥሞ የሠራው ትልቅ ሳጥን ተቀምጧል። ቶንጎ የማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከአሶሳ በስተደቡብ፣ በአንድ ወገን ሱዳን በሌላው ወገን ወለጋ ይዟታል። ስለዚህ ከሳጥኑ የሚወጣው ዘፈንም እንደ ገበያተኛው የተቀላቀለ ነው። አንዱ የኦምዱርማን ዓረብኛ፣ ቀጥሎ የቤጊ ኦሮምኛ፣ ከዚያ የአዲስ አበባ አማርኛ። በመሐል ቦብ ማርሊ ይመጣል። ያኔ ጥላ ፈልገው የቆሙት ባጃጅ ነጂዎች አንገታቸውን መነቅነቅ ይጀምራሉ። ካንዱ ባጃጅ የፊት መስታወት ላይ የቦብ ፊት በአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ተለጥፏል።

የባጃጁ ነጂ ሃያዎቹን ያጋመሰ ወጣት ነው። ስለ ተለጣፊው ስጠይቀው «ቦብ እኮ የእኛ ነው» አለኝ። ዘፈኖቹ ስለ ምን እንደሚያወሩ ስጠይቀው ግን ሳቀ።

«እንግሊዝኛውን ተወው። ዋናው ቤዙ ነው።»

ልጁ ሳያስበው ሁለት ትልልቅ ነገሮች ተናገረ። አንደኛው ሬጌ የማን ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው ቃሉ ያልገባውን ሰው እንኳ አንገቱን የሚያስነቀንቀው ያ ወፍራም ድምፅ ነው። ሁለቱንም ጥያቄዎች በአንድ አልበም ይዞ የገባና አገሩን ሁለት ጎራ ያደረገ ዘፋኝ አለ። ፎቶው በየትኛውም ባጃጅ ላይ አልተለጠፈም። ዘፋኙ ፈረንሳዊ ነው፤ ሰርዥ ጌንዝቡር ይባላል። ታሪኩ ከቶንጎ የራቀ ቢመስልም ከኢትዮጵያ የራቀ አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከፒያኖ ቤት የወጣ ልጅ

ጌንዝቡር በ1928 ፓሪስ ውስጥ ተወለደ። ወላጆቹ ከሩሲያ ግዛት የፈለሱ አይሁዶች ነበሩ። አባቱ በመሸታ ቤቶች ፒያኖ እየመታ ቤተሰቡን ያስተዳድር ነበር። ጀርመኖች ፓሪስን በያዙ ጊዜ ሰርዥ ገና ወጣት ነበርና አይሁዶች ሁሉ እንዲያደርጉ የታዘዙትን ቢጫ ኮከብ ደረቱ ላይ ሰፍቶ መሄድ ግድ ሆነበት። ይህን እዚህ ላይ ያነሳሁት ለማሳዘን አይደለም፤ በኋላ የሚመጣው ጠብ ያለዚህ አይገባም።

ሰውየው ሲያድግ ሠዓሊ መሆን ፈለገ፣ ተወው፣ የአባቱን ፒያኖ ተከተለ። በ1969 ከእንግሊዛዊቷ ጄን በርኪን ጋር የዘፈነው የፍቅር ዘፈን በትንፋሹ ብዛት የተነሳ በበርካታ አገሮች ከሬዲዮ ታገደ፣ ቫቲካንም አወገዘው። በመታገዱም ይበልጥ ተሸጠ።

ጌንዝቡር ከሌላው ቤት የመውሰድ ልማድ ነበረው። በ1964 ባወጣው አልበም ውስጥ የናይጄሪያዊውን ባባቱንዴ ኦላቱንጂንና የደቡብ አፍሪካዊቷን ሚሪያም ማኬባን ዜማዎች ስማቸውን ሳይጠራ ተጠቅሟል። በዚያ ዘመን ብዙዎች ያደርጉት ነበር የሚል መከራከሪያ ይቀርብለታል። እኔ አልቀበለውም፤ የኦላቱንጂ ሸክላ ላይ የባለቤቱ ስም በግልጽ ተጽፏል። ሬጌንም መጀመሪያ የሞከረው በሩቁ ነበር። በ1976 አልበሙ ውስጥ አንድ የሬጌ ዘፈን አለ። ምቱ አለ፣ ክብደቱ የለም።

በ1979 መጀመሪያ ግን አውሮፕላን ተሳፍሮ ጃማይካ ሄደ።

ኪንግስተን፣ ጥር

የገባው ዳይናሚክ ሳውንድስ ከሚባለው ስቱዲዮ ነው። የሚጠብቁት የጊዜው ምርጥ ተጫዋቾች ነበሩ። ከበሮው ላይ ስላይ ደንባር፣ ቤዝ ጊታሩ ላይ ሮቢ ሼክስፒር። ሁለቱ ተጣምረው የስንቱን ዘፋኝ ሸክላ እንደተሸከሙ መቁጠር ያዳግታል። ጌንዝቡር የሃምሳ ዓመት ሰው ነው፤ ሲጋራ ከአፉ አይለይም፣ የጃማይካን እንግሊዝኛ መስማት አይችልም። ስለዚህ ሰው ለተጫዋቾቹ ማንም አልነገራቸውም። ከአዘጋጁ ከፊሊፕ ለሪሾም ጋር ሲገባ ቀና ብሎ ያየው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነው በፈረንሳይ ደጋግሞ ይተረካል። ጌንዝቡር የፈረንሳይ ሙዚቃ ታውቃላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። ሳቁበት። አንዱ ግን አንድ ዘፈን እናውቃለን፣ ያቺ ሴትዮዋ የምታቃስትበት፣ አለ። ጌንዝቡር የዚያ ዘፈን ባለቤት እኔ ነኝ ሲል የቤቱ አየር ተለወጠ። ሰባት ቀን እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ሥራው አለቀ። ግጥሞቹን አብዛኛውን ሆቴሉ ውስጥ ሌሊት ጻፋቸው ይባላል። አብሮ ለማዜምም አልሞከረም። ስላይና ሮቢ ያነጠፉለት ላይ ተቀምጦ በዝቅተኛ ድምፅ ያወራል እንጂ አይዘፍንም ማለት ይቻላል። የአልበሙ ብልሃት ይኸው ነው፤ ጃማይካዊ ለመምሰል አንድ ጊዜ እንኳ አልጣረም።

«ጃማይካዊ ለመምሰል አንድ ጊዜ እንኳ አልጣረም»

ዜማውን የሚቀበሉት ሦስት ሴቶች ናቸው። ማርሻ ግሪፊትስ፣ ጁዲ ሞዋትና ሪታ ማርሊ፤ አንድ ላይ አይ ትሪስ የሚባሉት፣ የቦብ ማርሊ ተቀባዮች። ፈረንሳይኛ አይችሉም። እንደተነገራቸው፣ ድምፁን እየተከተሉ ተቀበሉ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የዚህ ታሪክ ጥብቅ ቋጠሮ እዚህ ጋ ነው ያለው። ሪታ ማርሊ ሚያዝያ 21 ቀን 1966 አፄ ኃይለ ሥላሴ ኪንግስተን ሲገቡ መንገድ ዳር ቆመው ካዩዋቸው ሰዎች አንዷ ነበረች። ያን ቀን ንጉሠ ነገሥቱ እጃቸውን ሲያነሱ መዳፋቸው ላይ የችንካር ምልክት አየሁ ትላለች፤ ወደ ራስ ተፈሪያን እምነት የወሰዳትም እሱ ነው። በ1978 መጨረሻ ደግሞ ባሏ ቦብ ኢትዮጵያ መጥቶ ሻሸመኔ ደርሶ ተመልሷል። ንጉሡ የሉም፣ አገሪቱ በደርግ እጅ ናት። እሱ ከሻሸመኔ ከተመለሰ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እሷ ኪንግስተን ውስጥ ማይክ ፊት ቆማ የፈረንሳይን ብሔራዊ መዝሙር አዝማች ትቀበላለች።

መዝሙሩን ማን ነካው

የአልበሙ ርዕስ የተወሰደው ከዚያው ዘፈን ነው። ላ ማርሴዬዝ፣ ሩዤ ደ ሊል የተባለ መኮንን በሚያዝያ 1792 ስትራስቡርግ ከተማ ውስጥ የጻፈው የጦር ዘፈን፣ በሬጌ ምት ቀረበ። አዝማቹ ላይ ሲደርስ ጌንዝቡር ሙሉውን አይለውም፤ በመሐል ቆርጦ «ወዘተ» ብሎ ይተወዋል። ከራሱ ያመጣው ቀልድ አልነበረም። መዝገበ ቃላት ውስጥ አዝማቹ ቦታ ለመቆጠብ ሲባል እንዲህ በአጭሩ ታትሞ እንዳገኘው ተናግሯል።

ፈረንሳይ ከዚያ በፊት መዝሙሯ ሲነካ አይታ አታውቅም ማለት አይደለም። ፕሬዚዳንት ዢስካር ዴስቴን ራሳቸው በ1974 ቀስ ተብሎ እንዲመታ አድርገው ነበር። ያ ግን በቤተ መንግሥት ሰልፈኛ ባንድ ነው። ይኼኛው ዜማ የመጣው ፈረንሳይ በቅኝ ግዛቷ ታውቀው ከነበረው ዓይነት ደሴት፣ ጸጉራቸውን ካጎፈሩ ጥቁሮች፣ ከአንድ ስደተኛ አይሁዳዊ ልጅ አፍ ነው። በሰኔ 1979 ሚሼል ድርዋ የተባለ ዕውቅ ጸሐፊ በለ ፊጋሮ ላይ ጌንዝቡርን የሚያዋርድ ጽሑፍ አወጣ። ከዚያም አልፎ ዘፋኙ በዚህ ሥራው በአይሁዶች ላይ ጥላቻ ይቀሰቅሳል እስከማለት ደረሰ። ጥላቻውን የሚያመጣው ተጠቂው ነው እንደማለት ነው። ልጅ ሳለ ቢጫ ኮከብ የለበሰ ሰው ይህን ሲያነብ የሚሰማውን መገመት አያስቸግርም።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ልመለስ። በአፄው ዘመን የነበረውን የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱት ኬቮርክ ናልባንዲያን ናቸው፤ አርመናዊ ስደተኛ። አዲስ አበባ ውስጥ ስደተኛ መዝሙራችንን ነካ ብሎ የጮኸ አልነበረም፤ ከመጀመሪያውም የሰጠን እሱ ነውና። ከዚያ ወዲህ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር መዝሙሩንም ለወጥን፣ አንዴ በ1975፣ አንዴ በ1992። ፈረንሳይ ግን ንጉሥም ጄኔራልም ቢመጣ ቢሄድ ዞራ ወደዚያው ወደ ስትራስቡርጉ ዜማ ትመለሳለች። መዝሙሩን በሬጌ መንካት ለእነሱ ያን ያህል ያመመው ለዚህ ይመስለኛል።

ጥር 4 ቀን 1980 ጌንዝቡር ከጃማይካ ተጫዋቾቹ ጋር እዚያው ስትራስቡርግ ኮንሰርት ነበረው። ጡረታ የወጡ አየር ወለዶች ቀይ ቆባቸውን አድርገው አዳራሹ ገቡ። ባንዱ ያረፈበት ሆቴል ቦምብ አለ የሚል ማስፈራሪያ ስለደረሰ ተጫዋቾቹ መድረክ ሊወጡ አልቻሉም። ጌንዝቡር ብቻውን ወጣ። ይህ መዝሙር አብዮተኛ ነበር፣ ወደ ቀድሞ ትርጉሙ መለስኩት አለና ቡጢውን ከፍ አድርጎ ላ ማርሴዬዝን ያለ አንዳች መሣሪያ፣ በዋናው ዜማ ጀመረ። አየር ወለዶቹ ግራ ገባቸው። የአገራቸው መዝሙር ነውና ተነስተው ቀጥ ብለው ከመቆም ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። ዘፍኖ ሲጨርስ በእጁ አንድ የብልግና ምልክት አሳይቷቸው ወጣ። የዚያን ምሽት ምስል ያየ ሰው የጌንዝቡርን ፊት አይረሳውም፤ ፈርቷል፣ እልህም ይዞታል።

በታኅሣሥ 1981 የሩዤ ደ ሊል የእጅ ጽሑፍ ቬርሳይ ውስጥ ለሐራጅ ሲቀርብ 135,000 ፍራንክ ከፍሎ የገዛው ይኸው ሰው ነው።

የጠጋኝ ሙዚቃ

ወደ ቶንጎው ስልክ ጠጋኝ ልመልሳችሁ። «ቤዙን ከሌላው ድምፅ መነጠል ትችላለህ?» ብዬ ስጠይቀው በብየዳ ብረቱ ወደ ሳጥኑ ጠቆመኝ። ለቀጭኑና ለወፍራሙ ድምፅ የተለያየ መንገድ አበጅቷል። ሠርግ ሲኖር ጄኔሬተርና ሞንታርቦ ተከራይቶ ይሄዳል፤ ሰው የሚጨፍረው ወፍራሙ ሲከፈት ነው፣ ዘፋኙን ማንም አይሰማውም ይላል።

ደብ የሚባለውን ሙዚቃ የፈጠረው የእሱ የሥራ ባልደረባ ነው። ኦዝበርን ሩዶክ፣ በቅጽል ስሙ ኪንግ ተቢ፣ ኪንግስተን ውስጥ ሬዲዮና አምፕሊፋየር ጠጋኝ ነበር። የጃማይካ ሰፈሮች ዋና መዝናኛ ሳውንድ ሲስተም፣ ማለትም ተንቀሳቃሽ ግዙፍ የድምፅ ማጉያ ነበር። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የዘፋኙ ድምፅ የተቀነሰበት ቅጂ በሸክላው ጀርባ ይታተም ነበር። ተቢ ያንን ቅጂ ወስዶ እንደ ጠጋኝ ፈታታው። ጊታሩን ይቆርጠዋል፣ ከበሮውን ለብቻው ይተወዋል፣ የዘፋኙን አንዲት ቃል ብቻ ብቅ አድርጎ በገደል ማሚቶ ያርቃታል። ከዚያ ዝምታ፤ ከዝምታው ውስጥ ቤዙ ይመለሳል። ከእሱ በፊት መቅረጫ ክፍል የተጫወቱትን መዝግቦ የሚያስቀምጥ ቦታ ነበር። ከእሱ በኋላ ክፍሉ ራሱ የሚጫወቱበት መሣሪያ ሆነ።

ይህ ሙዚቃ ደግሞ ዓይኑን ወደ እኛ አድርጎ ነው ያደገው። ሊ ፔሪ ስቱዲዮውን በታቦተ ጽዮን ስም ጥቁሩ ታቦት ብሎ ሰየመው። ሜሎዲካ የሚነፋው ኦገስተስ ፓብሎ አልበሙን ከዓባይ በስተምሥራቅ አለው። ዓባይ ሱዳን ከመግባቱ በፊት የሚያቋርጠው የመጨረሻው ክልል ቤኒሻንጉል ጉሙዝ መሆኑን ለማወቁ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ዜማው ግን ወዲህ ነው የሚያይ። አቢሲኒያንስ የተባሉት ሦስት ዘፋኞች ደግሞ በ1969 የቀረጹትን ዘፈን ርዕስ በአማርኛ አወጡለት።

የጌንዝቡር አልበምም የደብ ተራው ደረሰው፤ ግን እሱ በ1991 ከሞተ በኋላ፣ በ2003። የዋናዎቹ ቅጂዎች ክሮች ወጥተው ጃማይካ ውስጥ እንደ አዲስ ተደበላለቁ፤ ሥራውን የመራው ብሩኖ ብሉም የተባለ ፈረንሳዊ ሙዚቀኛ ነው። መዝሙሩ ላይ ያ ሁሉ ሰው የተጣላበት ቃል አንድ አንዴ ብቅ እያለ ይጠፋል። የሚቀረው የስላይ ከበሮና የሮቢ ቤዝ ነው። እኔ ከዋናው ይልቅ ይኼን እወደዋለሁ። ጌንዝቡርን በጣም የሚወዱ ወዳጆቼ በዚህ ይቀየሙኛል።

የራሳቸው ፎቶ ያለበት ቤት

ፈረንሳዊው ወደ ሬጌ ሲገባ አገሩን ይዞ ገባ። እኛ ስንገባ ቤቱ ውስጥ አስቀድሞ ተሰቅለን ነበር። ባንዲራችን ግድግዳው ላይ፣ ንጉሣችን መዝሙሩ ውስጥ፣ አንበሳችን ሸክላው ላይ። ይህ ምቹ ይመስላል፤ ነገር ግን በገዛ ፎቶህ ያጌጠ ቤት ስትገባ ምን ይዤ ልሂድ ብለህ አትጨነቅም። የመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ሬጌ ሙከራዎች ብዙዎቹ እንዲያ ባዶ እጃቸውን የሄዱ ይመስሉኛል። ምቱ የጃማይካ፣ ጩኸቱ የጃማይካ፣ የእኛ የሆነው ባንዲራው ብቻ።

«በገዛ ፎቶህ ያጌጠ ቤት ስትገባ ምን ይዤ ልሂድ ብለህ አትጨነቅም»

በር የከፈቱም አሉ። ዳሎል ባንድ ከኢትዮጵያ ወጥቶ አሜሪካ፣ ቺካጎ ውስጥ ተቀምጦ ሬጌ ይጫወት ነበር። በ1988 ዚጊ ማርሊና እህት ወንድሞቹ፣ የሪታ ልጆች ማለት ነው፣ ዓለም ያወቃቸውን አልበም ሲሠሩ ከጀርባቸው የቆሙት የዳሎል ልጆች ነበሩ። አልበሙ ግራሚ አገኘ። እናትየዋ ከፈረንሳዊው ጀርባ ተቀበለች፤ ከልጆቿ ጀርባ ደግሞ ኢትዮጵያውያን መቱ።

አገር ውስጥ የጂጂጋው ልጅ ኢዮብ መኮንን «እንደ ቃል» በሚለው አልበሙ ሌላ ነገር አሳየ። ድምፁን አላጎረነነም፣ አልጮኸም። ለስለስ ባለው የአማርኛ ዜማ ላይ ቤዙን ከሥር አስገባለት። በ2013 በድንገት በሕመም ስናጣው ገና መንገድ ላይ ነበር። ኃይሌ ሩትስ ደግሞ የጭፈራ ቤታችንን ችክችካ ከሬጌ ጋር አጋብቶ ቺጌ አለው። ስሙ ቀልድ ቢመስልም ጥያቄው ትክክለኛው ነው፤ ምን ይዘን እንግባ?

ከውጭ የመጡም ሞክረዋል። እንግሊዛዊው ኒክ ፔጅ አዲስ አበባ መጥቶ ከጸደንያ ገብረ ማርቆስ፣ ከፒያኒስቱ ሳሙኤል ይርጋና ከማሲንቆ ተጫዋቹ ተረማጅ ወረታው ጋር የሠራው፣ ደብ ኮሎሰስ በሚል ስም በ2008 የወጣው አልበም አለ። ማሲንቆው በደብ ዝምታ ውስጥ ብቻውን ሲቀር የሚሰማው ድምፅ ለእኔ የዚያ ሙከራ ከፍታ ነው። ሌሎቹ ክፍሎች ላይ ግን ደቡ ብዙ ጊዜ ጨዋ ሆኖ ወደ ኋላ ይቀራል።

ዙምባራ

በአሶሳና በአካባቢው ደግሞ እስካሁን ያልኩት ሁሉ ማንም ሳያስተምራቸው ሲሠራበት የኖረ ሙዚቃ አለ። የበርታ ሕዝብ ዙምባራ የሚለው፣ ድንበር ተሻግሮ በሱዳኗ ብሉ ናይል ግዛት ውስጥ ዋዛ የሚባለው የቅል መለከት ነው። ቅሎቹ እየተቀጣጠሉ ከአጭሩ እስከ ሰው ቁመት የሚደርሰው ድረስ ይሠራሉ። የመሣሪያው ነገር አንድ ነው፤ አንዱ መለከት የሚያወጣው ድምፅ አንድ ነው። ዜማው የሚፈጠረው ነፊዎቹ ተራ እየጠበቁ፣ አንዱ ሌላው የተወውን ክፍተት እየሞላ ሲሄዱ ነው። ረጃጅሞቹ ከሥር የሚለቁት ድምፅ ደረት ውስጥ ገብቶ የሚንቀጠቀጥ ዓይነት ነው።

በ2011 በብሉ ናይል ጦርነት ሲነሳ ብዙ ሕዝብ ወዲህ ተሰደደ፤ ቶንጎም የስደተኞች ጣቢያ ሆና ነበር። ከተሰደዱት ውስጥ መለከቱን የሚያውቁ ነበሩ። ድንበሩ ወዲያና ወዲህ ቢለያቸውም የሚነፉት ያው ነው።

ሲነፋ የኖረ አንድ አዛውንት አጠገባቸው አስቀምጠውኝ ሲያስረዱኝ «የእኔ ድርሻ አንዲት ድምፅ ናት» አሉኝ። «ሰው ስነፋ ያየኛል፤ እኔን የሚያደክመኝ ግን ዝም የምልበት ነው። ካላዳመጥክ ተራህ ያልፍሃል።» ኪንግ ተቢ ቁልፎቹ ላይ ተቀምጦ ያደርግ የነበረው ይኼው ነው፤ መቼ እንደሚቆርጥ ማወቅ።

የቶንጎው ጠጋኝ የዙምባራ ቅጂ በሚሞሪው አለው፣ በበዓል ላይ በስልክ የተቀዳ። በሳጥኑ ሲከፍተው ግን ወፍራሙ ድምፅ የለም። የስልክ ማይክ አልያዘውም። አዲስ አበባ ውስጥ ያነጋገርኩት አንድ አቀናባሪ እንዲህ ዓይነት ቅጂ ከኪቦርድ ጋር ለማስማማት ሞክሮ ተስፋ ቆርጧል። ቅሎቹ የተቃኙት በፒያኖ ልክ አይደለም፤ ወደ ፒያኖው ሲጎተቱ ይሞታሉ ይላል። «ቤዝ ጊታሩ ነው ወደ እነሱ መቃኘት ያለበት» አለኝ። የማይክ ብዛት፣ የጄኔሬተር ጩኸት፣ የመንገዱ ርቀት፣ የጸጥታው ነገር እያለ እዚያው ሄዶ የመቅዳቱን ወጪ ደመረልኝ።

አዛውንቱ ግን ከሁሉ በፊት የሚታሰበው ሌላ ነገር ነው አሉ። ቡድኑ ከተጠራ ሁሉም ይጠራል፤ አንዱ ቢቀር የእሱ ድምፅ የማንም አይደለችምና ዘፈኑ ቀዳዳ ይሆናል። ምግቡም፣ መኝታውም፣ ክፍያውም ለሁሉም እኩል ነው። የሁሉም ስም ይጻፋል። አንድ ጊዜ መጥተው ቀድተው የሄዱ ሰዎች ነበሩ አሉኝ፤ እነማን እንደሆኑ ስጠይቃቸው እጃቸውን ወደ አስፋልቱ አቅጣጫ ወርወር አደረጉና ስለ ማንጎ ማውራት ጀመሩ።